ከንባብ ወደ ማስተዋል
ሕፃናት ያነበቡትን አስበው እንዲመልሱ ስለ መርዳት



በየቁምስናችን ባሉት የሕፃናት ክፍሎችም ሆነ በከተማችን በሐዋሳ በሚገኙት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ሕፃኑ ተነሥቶ የታዘዘውን ምንባብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ፊደል አይገድፍም፤ አራት ነጥብ ላይ ይቆማል። መምህሩ «ጎበዝ!» ይለዋል፤ ጓደኞቹም ያጨበጭቡለታል። ነገር ግን «እንግዲህ ያነበብከው ስለ ምን ይናገራል?» ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ ወይ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይደግማል፣ ወይ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ቃሉ በአፉ አልፎአል፤ ወደ ልቡ ግን አልደረሰም።

ይህ እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ አይገባም። ዛሬ የተረትን መጽሐፍ ሳያስተውል የሚያነብ ልጅ፣ ነገ የመድኃኒትን ማዘዣ፣ የውልን ወረቀት፣ በየመንገዱ የሚታደለውን ጽሑፍና ቅዱስ መጽሐፍን ራሱን በዚያው ዓይን ያነባል። ያነበበውን መመዘን ያልለመደ ሰው የሌላ ሰው ሐሳብ ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሕፃናት ያነበቡትን አስበው እንዲመልሱ እንዴት ልንረዳቸው እንደምንችል፣ በመጀመሪያ ከራሳችን ትውፊት፣ ቀጥሎም ከክፍል ውስጥ ሥራ ምሳሌ እየወሰድን በአጭሩ እንመለከታለን።

1. ማንበብ ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን ማንበብ ማለት ፊደልን ወደ ድምፅ መለወጥ ይመስለናል። ይህ የንባብ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። የራሳችን ፊደል ራሱ ይህን ያስተምረናል። በአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ ምልክት አይደረግበትም። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል፤ ሲጠብቅ የጌታችን የልደት በዓል ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ይሆናል። «ልጁ ኳሱን ይመታል» እና «ልጁ ካጠፋ ይመታል» በሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ «ይመታል» የሚለው ቃል በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፎአል፤ አነባበቡ ግን ይለያል። እንግዲህ አንባቢው የነገሩን ትርጉም አስቀድሞ ካልተረዳ ቃሉን በትክክል ሊያሰማው እንኳ አይችልም። አማርኛን በሚገባ የሚያነብ ሰው ሁሉ እያስተዋለ የሚያነብ ሰው ነው።

በከተማችን ነገሩ ሌላ ገጽታም አለው። ሐዋሳ የሲዳማ ክልል መዲና ናት፤ በውስጧም ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይነገራሉ። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ አንድ ሕፃን ሁለት ዓይነት ፊደላትን በልጅነቱ መሸከም ግድ ይሆንበታል። በሲዳምኛ የጠበቀው ድምፅ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል፤ በአማርኛ ግን እንዳየነው አይጻፍም። ይህን ልዩነት ያላሰበ መምህር ልጁን «ሰነፍ» ይለው ይሆናል፤ ልጁ ግን ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው እየተሻገረ ነው።

የችግሩንም ክብደት ማወቅ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ ተመዝኖ ነበር። በዚያ ምዘና በሲዳምኛ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 60 የሚበልጡት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሲዳምኛን ጨምሮ በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ሥራው ግን በመጽሐፍ ዝግጅት ብቻ የሚፈጸም አይደለም።

አንዳንድ አስተማሪዎች «ልጁ በመጀመሪያ ፊደሉን ይጨርስ፤ ማስተዋሉ በኋላ ይመጣል» ይላሉ። እኛ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲሄዱ እንመክራለን። ገና ማንበብ ያልቻለ ሕፃን እንኳ ትልቅ ሰው ሲያነብለት ሰምቶ ማሰብና መመለስ ይችላል። ማስተዋልን ከጆሮው ከጀመረ፣ ፊደሉን በለየ ጊዜ በዓይኑም ይቀጥለዋል።

2. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አንባቢ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የምናገኘው የኢትዮጵያ ንግሥት የሕንደኬ ባለሥልጣን ለእኛ ለአስተማሪዎች ትልቅ ምሳሌ ነው። ይህ ሰው በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ድምፁን እያሰማ ያነብ ነበር። የገንዘብ ቤት ሹም የሆነ፣ የተማረና የተከበረ ሰው ነው። ሆኖም ፊልጶስ ቀርቦ ያነበበው ይገባው እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ አላፈረም፤ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ተናግሮ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው።

ፊልጶስ ያደረጋቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እንመልከት። በመጀመሪያ ጠየቀ እንጂ ትርጓሜውን ወዲያው አላወረደም። ሁለተኛ፣ ከሠረገላው በታች ቆሞ ወይም ከፊት ቀድሞ ሳይሆን አብሮት ተቀምጦ አስተማረው። ሦስተኛ፣ አንባቢው የራሱን ጥያቄ እስኪያወጣ ጠበቀው፤ ሰውየውም ነቢዩ ስለ ራሱ ወይስ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር ጠየቀ። ይህ የሚያስተውል አንባቢ ጥያቄ ነው። አራተኛ፣ ፊልጶስ ሰውየው ካነበበው ከዚያው ክፍል ጀመረ። በመጨረሻም ውኃ በታየ ጊዜ ስለ ጥምቀት ቀድሞ የተናገረው አስተማሪው ሳይሆን አንባቢው ነው። ያነበበው ነገር ወደ ሕይወቱ ገብቶ መልስ ወለደ።

እንግዲህ ልጆቻችን ያነበቡትን እንዲመልሱ እንርዳቸው ስንል ይህንኑ መንገድ ማለታችን ነው። የአስተማሪው ጥያቄ፣ የአስተማሪው አብሮ መቀመጥ፣ የልጁ የራሱ ጥያቄ፣ ወደ ምንባቡ መመለስ፣ ከዚያም የልጁ የራሱ መልስ ይከተላሉ።

3. ከአበው ትምህርት ቤት ምን እንውሰድ?

በአገራችን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ለብዙ ምዕተ ዓመታት ልጆች በቄስ ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳውን ለይቶ፣ የዮሐንስን መልእክት ደጋግሞ እያነበበ ልጁ ወደ ዳዊት ይሻገራል። ዳዊት የደገመ ልጅ ለቤተ ሰቡ ደስታ ነበር። ይህ ትምህርት ጽኑ የሆነ የማስታወስ ችሎታ፣ ለቃሉ አክብሮትና ትዕግሥት ይሰጣል፤ ልናቃልለው አይገባም።

ነገር ግን ልጁ የሚያነበው ግዕዝ ለእርሱ የማይሰማ ቋንቋ ስለ ነበረ የንባቡን ትርጉም የሚያገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ያውም እስከ መጽሐፍ ቤት የዘለቀ እንደ ሆነ ነው። ወደዚያ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት፣ ማለት ትርጓሜው፣ ለጥቂቶች ብቻ ተጠብቆ ቆየ።

በዚያ በመጽሐፍ ቤት ግን ድንቅ ነገር እናገኛለን። መምህሩ የግዕዙን ንባብ ካሰማ በኋላ ትርጓሜውን በአማርኛ ይሰጣል፤ ከዚያም «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጓሜ ይጨምራል፤ እንደገናም «አንድም» ይላል። አንድ ቃል ብዙ ፍቺ ሊሸከም እንደሚችል ሊቃውንቱ ያውቁ ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ «አንድም» ከባዶ የሚመጣ አይደለም፤ በቃሉ፣ በታሪኩ ወይም በሌላ የመጽሐፍ ክፍል የሚደገፍበት ምክንያት አለው። ለሕፃናት ልናስተምረው የምንፈልገው አስተሳሰብ ይኸው ነው፤ ከአንድ በላይ መልስ ሊኖር ይችላል፣ ያለ ማስረጃ የሚቀርብ መልስ ግን ተቀባይነት የለውም።

የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልንም በዚህ ረገድ ልናስባቸው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም የተወለዱት እኚህ መነኩሴ በዘመናቸው ከነበሩት የተማሩ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወሩ መጻሕፍትን ሲመረምሩና ሊቃውንትን ሲጠይቁ ኖሩ። በኋላም ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ተገናኝተው ካህን ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1855 በእስር ላይ ሳሉ ዐረፉ፤ በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ። ሕይወታቸው የተለወጠው በሰሙት ብቻ ሳይረኩ እያነበቡ በመጠየቃቸው ነው። ስለዚህ «ልጅ ብዙ ከጠየቀ ይባልጋል» የሚለውን አባባል የምንደግምበት ምክንያት የለንም። በትሕትና የሚጠየቅ ጥያቄ የአክብሮት ምልክት ነው።

4. ለልጅ የሚሆን መጽሐፍ፤ ከሐዋሳ የተገኘ ምሳሌ

ልጅ አስቦ እንዲመልስ በመጀመሪያ ሊያስብበት የሚችል፣ በሚሰማው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ያስፈልገዋል። በዚህ ረገድ ከተማችን ልትኮራበት የሚገባ ታሪክ አላት። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በስደት በአሜሪካ ሲኖሩ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ሠርተዋል። ለሌሎች አገሮች ልጆች በየቋንቋቸው የተዘጋጁ መጻሕፍት መደርደሪያ ሞልተው ሲያዩ፣ ለኢትዮጵያውያን ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ማጣታቸው አሳሰባቸው። የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትመው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2003ም በአዲስ አበባ በሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያም በ2005 እዚህ በሐዋሳ በአህያ የሚሳብ ተንቀሳቃሽ የመጻሕፍት ጋሪ ሥራ ጀመረ። ቤተ መጻሕፍት ወዳልነበረበት ሰፈር መጽሐፉ ራሱ በጋሪ መጣ።

ከዚህ ሥራ የምንማረው ቀላል ነገር ነው። በጋሪው ዙሪያ የተቀመጠ ልጅ ፈተና አይጠብቀውም፤ የሚያነበው ስለሚያስቀው፣ ስለሚያስደንቀው ወይም የሚቀጥለውን ማወቅ ስለሚፈልግ ነው። አስቦ መመለስ የሚጀምረው ከዚህ ፍላጎት ነው። በየቁምስናችን አንድ ሣጥን መጽሐፍና አንድ ምንጣፍ ብናዘጋጅ፣ ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለዚህ ብንሰጥ፣ ብዙ ወጪ ሳናወጣ ትልቅ ሥራ ልንጀምር እንችላለን።

5. በማሞ ቂሎ ተረት ላይ የሚሰጥ ትምህርት

አሁን አንድ የትምህርት ሰዓት እንዴት ሊሄድ እንደሚችል በዚሁ ተረት እናሳይ። ተረቱ በየአገሩ በልዩ ልዩ መልክ ይነገራል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው። ማሞ ለሥራ ወጥቶ ገንዘብ ይከፈለዋል፤ በመንገድም ይጥለዋል። እናቱ «ኪስህ ውስጥ ብትከተው ኖሮ!» ትለዋለች። በማግሥቱ ወተት ይሰጡታል፤ ማሞም የእናቱን ቃል አክብሮ ወተቱን ኪሱ ውስጥ ያፈሰዋል። «በራስህ ላይ ተሸክመህ ብታመጣው ኖሮ!» ትለዋለች። ቀጥሎ ያገኘውን ቅቤ በራሱ ላይ አድርጎ በፀሐይ ይመጣል፤ ቅቤው በፊቱ ላይ ይፈሳል። እንዲህ እየሆነ በመጨረሻ አህያ ሲሰጡት በትከሻው ሊሸከም ይታገላል። ይህን ያየች፣ ከኀዘኗ የተነሣ ስቃ የማታውቅ የባለጸጋ ልጅ በሳቅ ትፈነዳለች፤ ማሞም በዚህ ምክንያት ይከብራል።

መምህሩ ተረቱን ካነበበ ወይም ካስነበበ በኋላ ሦስት ዓይነት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ያቅርብ።

ሀ) በመጽሐፉ ላይ ያለውን የሚሹ ጥያቄዎች፦ ማሞ በመጀመሪያ ቀን ምን ተከፈለው? እናቱስ ምን አለችው? እነዚህ አስፈላጊዎች ናቸው፤ መሠረቱን ያጸናሉ። ነገር ግን በእነዚህ ብቻ ከቆምን ልጁን ለማስታወስ እንጂ ለማሰብ አላዘጋጀነውም።

ለ) በመጽሐፉ ላይ በግልጽ ያልተጻፈውን፣ ግን ከተጻፈው የሚገኘውን የሚሹ ጥያቄዎች፦ እናቱ የሰጠችው ምክር ስሕተት ነበረን? ማሞ ሰነፍ ነውን? እዚህ ላይ ክፍሉ ይከፈላል። አንዱ «አዎ፣ ሰነፍ ነው» ይላል። መምህሩ አይቆጣም፤ አያሞግስምም፤ «ከየት አገኘኸው?» ብሎ ብቻ ይጠይቀዋል። ልጁ ወደ መጽሐፉ ሲመለስ ማሞ በየቀኑ ለሥራ እንደ ወጣና በየቀኑ እንደ ታዘዘ ያያል። ሌላዋ «ጥፋቱ የእናቱ ነው፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችውም» ትል ይሆናል። እርስዋም ማስረጃዋን ትፈልግ። በዚህ መንገድ ልጆቹ ምክሩ ሁሉ ትክክል እንደ ነበረ፣ ነገር ግን ለትናንቱ ነገር እንጂ ለዛሬው እንዳልተሰጠ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ሐ) ከልጁ ሕይወት ጋር የሚያገናኙ ጥያቄዎች፦ የታዘዝከውን ሳይገባህ ያደረግህበት ጊዜ አለን? ሴት ልጂቱ በማሞ መሳቋ ደግ ነውን? በዚህ የመጨረሻ ጥያቄ ላይ መምህሩ በጥንቃቄ ይቆይ። በብዙ ክፍሎች ውስጥ ዘገምተኛ የሆነ ልጅ በዚሁ ስም ተጠርቶ ይሳቅበታልና። ያ ልጅ ተቀምጦ እየሰማ ነው። ክፍሉ ስለ ማሞ በደግነት መናገር ከቻለ ስለ እርሱም መናገር ይማራል።

ይህ ተረት ለእኛም ለአስተማሪዎች መስተዋት ነው። በቃል የተሸመደደ መልስ ይዞ የሚዞር ተማሪ እንደ ማሞ ነው፤ የትናንቱን መልስ ለዛሬው ጥያቄ ያቀርባል። እኛም ምክንያቱን ሳንነግር መልሱን ብቻ የምንሰጥ ከሆንን እንደ ማሞ እናት ነን። ፈተናው ሲለወጥ፣ ዘመኑ ሲለወጥ፣ ልጁ ወተቱን ኪሱ ውስጥ ያፈሰዋል።

6. ስለ መጠበቅና ሁሉን ስለ ማናገር

ማሰብ ጊዜ ይፈልጋል። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረጉት ጥናት አስተማሪዎች ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ እንደ ሆነ አመለከቱ። ወደ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲያደርጉት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ምክንያትም ማቅረብ ጀመሩ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም ተናገሩ። ሦስት ሴኮንድ አንዲት አጭር ጸሎት የማታስጨርስ ጊዜ ናት፤ በክፍል ውስጥ ግን ለመምህሩ ረጅም ትመስለዋለች። እንታገሣት።

«ስልሳ ልጆችና አንድ መጽሐፍ ይዤ ይህን እንዴት ላድርገው?» የሚል አስተማሪ ይኖራል። እውነተኛ ችግር ነው። የሚከተሉትን ይሞክር፦

– መጽሐፉን ራሱ ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ ያንብብላቸው፤ በመጀመሪያው ልጆቹ ይስሙ፣ በሁለተኛው ጥያቄውን ይዘው ይስሙ።

– መልሱን ለመምህሩ ከመናገራቸው በፊት እያንዳንዱ ልጅ በአጠገቡ ላለው ልጅ ይንገር። በዚህ ጊዜ ሠላሳ ልጆች በአንድነት ይናገራሉ፤ ሠላሳውም ያዳምጣሉ። ከዚያ መምህሩ «ጓደኛህ ምን አለህ?» ብሎ ይጠይቅ።

– ደብተራቸውን በመስመር ለሁለት ይክፈሉት፤ በአንዱ ወገን «መጽሐፉ ያለው»፣ በሌላው ወገን «እኔ ያሰብኩት» ብለው ይጻፉ። አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መጻፍ ያልቻለ ይሣል።

– ታሪኩን በጨዋታ ያሳዩ። ማሞን የሚጫወተው ልጅ ፊቱን እንዴት እንደሚያደርግ ለመወሰን ማሞ ምን እንዳሰበ ማሰብ አለበት።

– በአማርኛ ሐሳቡ የሚያጥረው ልጅ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ይመልስ፤ ሌላው ይተርጉምለት። የሚመዘነው ሐሳቡ ነውና በአነጋገሩ አይሳቅበት።

በሲዳማ ሕዝብ ዘንድ «አፊኒ» የሚባል የቆየ የመወያያ ልማድ አለ። ቃሉ «ሰምታችኋልን?» እንደ ማለት ነው፤ ነገሩ ለተሰበሰቡት ሳይሰማና ሳይመከርበት ወደ ፍርድ አይኬድም። የክፍላችንን ውይይት ልጆቹ ከአያቶቻቸው ከሚያውቁት ከዚህ ልማድ ጋር ብናያይዘው መልካም ነው። መልስ የሚሰጥ ልጅ አስቀድሞ ከእርሱ በፊት የተናገረው ጓደኛው ያለውን ይድገም፤ ከዚያ የራሱን ይጨምር ወይም ይቃወም። መቃወምም ከሆነ ሐሳቡን እንጂ ጓደኛውን አይንቀፍ።

7. በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል

እዚህ ላይ አንዳንድ አስተማሪዎች ይሰጋሉ፤ «የእምነት ነገር የተሰጠ ነው፤ ልጆች እንደ ልባቸው ቢተረጉሙ አይስቱምን?» ይላሉ። ሥጋቱ ከቅንነት የመጣ ስለሆነ በቅንነት እንመልስ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በክፍል ድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ነገር ግን አስቦ መመለስ ማለት እንደ ልብ መፍጠር ማለት አይደለም፤ ወደ ተጻፈው መመለስ ማለት ነው። በአፍ የወጣ ስሕተት ይታረማል፤ በዝምታ ውስጥ የተቀበረ ስሕተት ግን ከልጁ ጋር ያድጋል።

ጌታችን ራሱ ያስተማረበትን መንገድ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እንይ። ሕግ ዐዋቂው ጥያቄ ባቀረበለት ጊዜ በሕጉ ምን እንደ ተጻፈና እርሱም እንዴት እንደሚያነበው መልሶ ጠየቀው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ መጽሐፉ፣ ሁለተኛው ስለ አንባቢው ነው። ከዚያም የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ተርኮ ሲጨርስ መደምደሚያውን ራሱ አልተናገረም፤ ከሦስቱ ለተደበደበው ሰው ባልንጀራ የሆነው የትኛው እንደ ሆነ ሕግ ዐዋቂው እንዲመልስ አደረገ። መልሱም ከጠያቂው አፍ ወጣ።

ይህን ምሳሌ በክፍል ስናስተምር «ካህኑ ለምን አልፎ ሄደ?» ብለን ብንጠይቅ አንድ ልጅ «ለቤተ መቅደስ አገልግሎት ቸኩሎ ነው» ሊል ይችላል፤ ትልልቆችም ሲሉት ይሰማል። «ከየት አገኘኸው?» እንበለው። ወደ ምንባቡ ሲመለስ መንገዱ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርድ እንደ ሆነ፣ ካህኑም በዚያ መንገድ ይወርድ እንደ ነበረ ያያል። ስለዚህ ወደ መቅደሱ እየሄደ አልነበረም ማለት ነው። ለምን እንዳለፈ ግን ወንጌሉ አልጻፈም። እዚህ ላይ ልጁ ትልቅ ነገር ይማራል፤ የተጻፈው ሌላ፣ እኛ የምንገምተው ሌላ መሆኑን ይለያል። ይህን መለየት የቻለ ልጅ አድጎ በማንም የተጣመመ ጥቅስ በቀላሉ አይታለልም።

አንድ ልማዳችንንም እንተው። ምንባቡ ገና እንዳለቀ «ከዚህ ምን ትምህርት አገኛችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። ልጆቹም የምንወደውን ያውቃሉና «መታዘዝ»፣ «መጸለይ»፣ «መዋደድ» ይሉናል። መልሱ እውነት ነው፤ ግን መጽሐፉን ሳያነቡትም ሊሰጡት ይችሉ ነበር። ይልቁንስ «ከሁሉ ያስገረማችሁ የቱ ነው? ያልገባችሁስ የቱ ነው?» ብለን እንጀምር። ትምህርቱ በመጨረሻ፣ ከልጆቹ ድካም በኋላ ይምጣ።

8. የወላጆች ድርሻ

ብዙ ወላጆች «እኛ አልተማርንም፤ ምን ልንረዳቸው እንችላለን?» ይላሉ። ማንበብ የማይችሉ እናትና አባት እንኳ ከሁሉ የተሻለ አድማጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ማታ ቡና ሲፈላ ልጁ በቀን ያነበበውን በቤቱ ቋንቋ ይተርክ። እናትየው «ከዚያስ? ለምን እንዲህ አደረገ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ትበለው። መልሱን የማታውቅ ጠያቂ ስለሆነች ልጁ በእውነት ማስረዳት አለበት። ለመምህሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚመልሰው መምህሩ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው። ተረትና እንቆቅልሽ የሚያውቁ አያቶችም ባሉበት ቤት ልጁ ያነበበውን ከሰማው ጋር እያስተያየ ያድጋል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

በየቁምስናው የሚሰበሰቡ አስተማሪዎችና ወላጆች በሚከተሉት ላይ ቢወያዩ ይጠቅማል።

1. ባለፈው ሳምንት ለልጆች ካቀረብናቸው ጥያቄዎች መካከል መልሱን አስቀድመን የማናውቀው ጥያቄ ነበረን?

2. በክፍላችን ውስጥ ተናግሮ የማያውቅ ልጅ ማን ነው? በየትኛው ቋንቋ ቢጠየቅ ይናገራል?

3. በሚመጣው ሰንበት የሚነበበውን ወንጌል ወስዳችሁ ከላይ በተገለጸው መሠረት ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ አንድ ጥያቄ አዘጋጁ። ጓደኛችሁም መልስ ሲሰጥ «ከየት አገኘኸው?» በሉት።

4. በቁምስናችን ለልጆች የሚሆኑ ስንት መጻሕፍት አሉ? በየትኞቹ ቋንቋዎች? ማን ያስነብባቸዋል?

ውድ አንባብያን፣ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጀመር አይቻልም። በሚመጣው ትምህርታችን አንድ ምንባብ፣ አንድ የምር የሆነ ጥያቄና ጥቂት የዝምታ ጊዜ ብቻ እናቅርብ። ልጁ ሲመልስ ሐሳቡን እስኪጨርስ አናቋርጠው፤ ከዚያ መጽሐፉን እንደገና እንዲገልጥ እናድርገው። የመለሰው መልስ ጎደሎ ቢሆን እንኳ የራሱ ነውና፣ በእርሱ ላይ ልንሠራበት እንችላለን።